ሚስቴ ስትጠራኝ የተኛሁ መሰልኩ

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

የ44 ዓመት ሰው ነኝ። ስድስት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ፤ የምንኖረው አራት ኪሎ ነው። ከባለቤቴ ጋር በትዳር 14 ዓመት ኖረናል። የ12 ዓመት ሴት ልጅና የ6 ዓመት ወንድ ልጅ አሉን። ባለቤቴ ጡቷ ላይ ያገኘችው እብጠት ካንሰር መሆኑ ከተነገረን ወራት አልፈዋል። ቀዶ ሕክምናው ተደርጎላታል፤ አሁን በየ21 ቀኑ ኬሞ ትወስዳለች። እስካሁን ሦስት ጊዜ ወስዳለች።

ሐኪሞቹ ተስፋ ሰጥተውናል። እሷም ጠንካራ ናት። የተቸገርኩት እኔ ነኝ። ጠዋት ልጆቹን አዘጋጅቼ እሸኛለሁ፤ አስተምራለሁ፤ በምሳ ሰዓት ወደ ቤት እሮጣለሁ፤ ማታ ወጥ እሠራለሁ፤ ሌሊት አልተኛም። አማቴ ከገጠር መጥተው አብረውን ናቸው፤ አቅማቸው ግን ደክሟል፤ ልጃቸውን ባዩ ቁጥር ያለቅሳሉ። ጠያቂ ሲመጣ "አይዞህ፣ አንተ ወንድ ነህ፣ በርታ" ብሎኝ ይሄዳል። እኔም "እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" እላለሁ።

የምጽፍልዎ ስለ አንድ ሌሊት ነው። ሦስተኛውን ኬሞ በወሰደች በማግስቱ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ፣ ሊያስመልሳት ሲል ስሜን ጠራች። ሰምቻታለሁ። ግን አልተነሳሁም። የተኛሁ መስዬ ዓይኔን እንደጨፈንኩ ቀረሁ። ደግማ ጠራችኝ፤ ከዚያ ዝም አለችና ግድግዳውን እየተደገፈች ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደች። ስታስመልስ እየሰማሁ ተኝቼ ነበር። ያን ጊዜ በልቤ ያለፈው ሐሳብ "ምነው ይህ ነገር በሆነ መንገድ ባለቀና በተገላገልኩ" የሚል ነው። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ፊቷን ማየት አፍራለሁ።

አንዲት ነርስ ሁኔታዬን አይታ የጥሞና ልምምድ፣ ማይንድፉልነስ የሚባለውን፣ እንድሞክር መከረችኝ። በስልኬ ፈልጌ ጀመርኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ትንፋሼን ልከታተል ስል ግን የሚታየኝ ቀብሯ ነው። ደረቴ ይጨመቃል፤ ብድግ ብዬ እወጣለሁ። አማቴ ደግሞ ነገሩን ሰምተው "ጸሎትና ጠበል እያለ የባዕድ ነገር ምን ያደርግልሃል?" ብለው ተቆጥተዋል።

ያንን ሌሊት ለባለቤቴ ልንገራት? ልምምዱስ ለእኔ ያልሆነልኝ ለምንድን ነው? ደግሞስ እንዲህ ያለ ሐሳብ በልቡ ያለፈ ሰው ሚስቱን ይወዳል ይባላል?

ስሜ ይቆይልኝ
ከአራት ኪሎ

ውድ ወንድሜ፣

በመጨረሻ ከጠየቁኝ ልጀምር፤ ከሌሎቹ ሁሉ የሚያሠቃይዎት እሱ ይመስለኛል። አዎን፣ ባለቤትዎን ይወዳሉ። ይህን የምለው ደብዳቤዎን ደጋግሜ ካነበብኩ በኋላ ነው። የኬሞዋን ቀን ቆጥረው የያዙ፣ በምሳ ሰዓት ከስድስት ኪሎ አራት ኪሎ የሚሮጡ፣ አንድ ሌሊት ስላልተነሱ ፊቷን ማየት የሚያፍሩ ሰው ነዎት። የማይወድ ሰው በዚህ አያፍርም።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። "ምነው ባለቀ" ሲሉ እንዲያልቅ የፈለጉት ምኑ ነበር? የእሷ ሕይወት ነው? ወይስ እንቅልፍ የሌለው ሌሊት፣ የማስመለሷ ድምፅ፣ ነገ ምን ይሰማ ይሆን የሚለው ሥጋት? መልሱን ለእኔ መጻፍ አያስፈልግዎትም፤ ለራስዎ ግን በእውነት ይመልሱት። ብዙ አስታማሚዎች ይህንን ሐሳብ ቀስ ብለው ሲመረምሩት ከሥሩ የሚያገኙት "በዳነችልኝና ወደ ኑሯችን በተመለስን" የሚል ምኞት ነው። የደከመ አእምሮ ምኞቱን አሳምሮ የመናገር አቅም የለውም፤ ቆርጦና አበላሽቶ ያወጣዋል።

በአስታማሚ ላይ የሚያርፈውን ጫና ለመለካት በዓለም በስፋት ከሚሠራባቸው መጠይቆች አንዱን ስቲቨን ዛሪት የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1980 አቅርበውታል። መጀመሪያ የታሰበው የመርሳት ሕመም ያለባቸውን አረጋውያን ለሚንከባከቡ ቤተሰቦች ነበር፤ ዛሬ ለካንሰር አስታማሚዎችም ይውላል። በብዛት የሚታወቀው ቅጂ 22 ጥያቄዎች አሉት። ከእነሱ አንዱ ከሕመምተኛው አጠገብ ሲሆኑ ንዴት ይሰማዎት እንደሆነ ይጠይቃል። ሌላው ደግሞ ማስታመሙን ለሌላ ሰው ትተውት ቢሄዱ ይመኙ እንደሆነ ይጠይቃል። እርስዎን በጨለማ ያሳፈረዎት ሐሳብ ሐኪሞች ከአስታማሚ የሚጠብቁት፣ ጽፈው የሚጠይቁበት ሐሳብ ነው። ብቻዎን አይደሉም፤ ክፉ ሰውም አይደሉም።

ይህን ስል ያ ሌሊት ምንም አይደለም እያልኩ አይደለም። ኬሞ የወሰደ ሰው ያዞረዋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ በጨለማ ብቻዋን መሄዷ አደጋ ነበረው። እንዳይደገም መሠራት ያለበት ነገር አለ፤ የመጀመሪያውም ከሐኪሟ ዘንድ የሚገኝ ነው። ኬሞ ከተወሰደ ማስመለስ የግድ ተችሎ የሚታለፍ ነገር ይመስላቸዋል ብዙ ቤተሰቦች። ማስመለስን የሚከላከሉ ልዩ ልዩ መድኃኒቶች አሉ፤ አንዱ ካልበቃት ሌላ ሊጨመርላት ወይም ሊቀየርላት ይችላል። ለዚህ ግን ሐኪሙ መስማት አለበት። "እንዴት ናት?" ሲባሉ "ተመስገን፣ ደህና ናት" ብለው አይውጡ። ሌሊት ስንት ጊዜ እንዳስመለሳት፣ ውኃ እንኳ ይረጋላት እንደሆነ በወረቀት ጽፈው ይያዙና ከአራተኛው ኬሞ በፊት ያንብቡለት። አራተኛው ሌሊት ከሦስተኛው የቀለለ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የማያውቁት ሥጋት ከሚያውቁት ይልቅ እንቅልፍ ይነሳልና። ኬሞ ነጭ የደም ሕዋሳትን ዝቅ ያደርጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሕዋሳቱ በጣም የሚያንሱት ከተወሰደ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። የሙቀት መለኪያ ከመድኃኒት ቤት ይግዙ። ሙቀቷ 38 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ እስኪነጋ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይውሰዷት። ይህንን በወረቀት ጽፈው ከመኝታ ቤት በር ጀርባ ይለጥፉት። ከዚህ በታች ባለ ሙቀት ግን ሌሊቱን ሙሉ ግንባሯን እየዳሰሱ ማደር አያስፈልግዎትም።

አሁን ወደ ጥሞናው ልምጣ። ልምምዱ ለእኔ አልሆነም ብለዋል። እኔ እንደማየው ያልሆነልዎት አጀማመሩ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ በሥራ ላይ የሚደርቡት፣ በከፊልም ቢሆን፣ ፍርሃቱን ላለመገናኘት ነው። ድንገት ተቀምጠው ዓይንዎን ሲጨፍኑ ቀኑን ሙሉ ሲሸሹት የዋሉት ነገር ሁሉ ይደርስብዎታል። ትንፋሽ የሚገኘው ደግሞ ደረት ውስጥ ነው፤ ጭንቀትም የሚጨምቀው እዚያው ነው። በጣም የፈራ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ትንፋሹን ተከታተል ሲባል መባሱ የታወቀ ነገር ነው፤ ልምድ ያላቸው አሠልጣኞችም እንዲህ ባለ ጊዜ ሌላ መንገድ ይመርጣሉ። ስለዚህ ለጊዜው ዓይንዎን አይጨፍኑ፤ ትንፋሽዎንም ይተዉት። ከሰውነትዎ ውጭ ባለ፣ በሚዳሰስ ነገር ይጀምሩ።

ልምምዱ በሆስፒታል ውስጥ ቅርጽ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ጆን ካባት-ዚን የተባሉ ምሁር በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ሥር በሰደደ ሕመም ለሚሠቃዩና መድኃኒት ብቻውን ላልበቃቸው ሰዎች ሥልጠና ጀመሩ። ሐሳቡ አሁን እየሆነ ያለውን ነገር፣ ጥሩ ነው መጥፎ ነው ብሎ ለመፍረድ ሳይቸኩሉ፣ ማስተዋል ነው። አእምሮን ባዶ ማድረግ አይደለም፤ መረጋጋትም የግድ አይደለም። ከዚያ ወዲህ በካንሰር ሕሙማንና በቤተሰቦቻቸው ላይ የተደረጉ ጥናቶች ልምምዱ ጭንቀትንና ውጥረትን በመጠኑ እንደሚቀንስ ያሳያሉ። በመጠኑ ማለቴን ልብ ይበሉልኝ። ካንሰርን አይፈውስም፤ የቤቱን ሥራ አይሠራልዎትም፤ ለሁሉም ሰው እኩል አይረዳም። ከዚህ በላይ ተስፋ ቢሰጥዎት ሌላ ሸክም ይሆንብዎታል ብዬ እሠጋለሁ።

እርስዎ በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ እጅዎን እንደሚታጠቡ እገምታለሁ፤ ኢንፌክሽን እንዳይደርስባት ምግቧን ከመንካትዎ በፊት መታጠብዎ ግድ ነውና። ከዚያ ይጀምሩ። ውኃው ሲነካዎት ቀዝቃዛ ነው ወይስ ለብ ያለ? ሳሙናው ምን ይሸታል? ጣቶችዎ መካከል አረፋው ሲገባ ይሰማዎታል? ለ20 ሰከንድ ያህል እዚያው ይቆዩ። ሐሳብዎ ወደ ነገው የመድኃኒት ወጪ ይሄዳል፤ ይሂድ። መሄዱን ሲያስተውሉ ወደ ውኃው ይመልሱት። ያ መመለስ ራሱ ልምምዱ ነው። መቶ ጊዜ ቢሄድና መቶ ጊዜ ቢመልሱት አልተሳካልኝም አይበሉ።

ሁለተኛው መንገድ ላይ የሚሆን ነው። ጠዋት ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ሲወጡ ስልክዎን ኪስዎ ውስጥ ይተዉት። አንድ ክፍል ብቻ ይምረጡ፤ ለምሳሌ ከአምስት ኪሎ ተነሥተው ብሔራዊ ሙዚየሙን እስኪያልፉ። በዚያች መንገድ ላይ ሥራዎ መራመድ ብቻ ይሁን። ተረከዝዎ መሬት ሲነካ፣ ዳገቱ ባትዎን ሲስበው፣ የታክሲ ረዳቱ ሲጣራ፣ ጠዋት የተረጨው አስፋልት ሲሸት፣ ያስተውሉት። የቀብሩ ሥዕል ከመጣ አይታገሉት፤ ግን አይከተሉት። በልብዎ "ይህ የፍርሃት ሐሳብ ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው። እሷ ቤት ናት፤ ሻይዋን እየጠጣች ነው" ይበሉት። ቀኑን በስሙ፣ እሷን ባለችበት ቦታ ይጥሩ። ከዚያ ወደ እግርዎ ይመለሱ። ሐሳቡ እንደገና ሊመጣ ይችላል። ሐሳብ መሆኑን እያወቁ ማየት ግን እንደ እውነት አድርጎ ከማየት በጣም ይለያል፤ ደረትዎ ልዩነቱን ቀስ በቀስ ይማረዋል።

እግርዎና እጅዎ ጥቂት ሳምንት ከለመዱ በኋላ ወደ ትንፋሽ ቢመለሱ ጥሩ ነው፤ ያኔም ቢሆን በአጭሩ። ማታ የቤትዎን በር ከመክፈትዎ በፊት ቆም ይበሉ። አየር በአፍንጫዎ ያስገቡ፤ ሲያስወጡ ከማስገባትዎ ይልቅ ያርዝሙት። ሦስት ጊዜ ይበቃል። ረጅም አወጣጥ ቬገስ በተባለው ነርቭ በኩል የልብን ምት ዝግ ያደርጋል። ሰውነት ይህን የሚያደርገው እርስዎ ቢያምኑም ባያምኑም ነው። ከዚያ በሩን ይክፈቱ።

ከሁሉም በላይ ግን እንዲሞክሩት የምፈልገው አራተኛ ነገር አለ። ደብዳቤዎ ውስጥ ባለቤትዎን ያበሏታል፣ ያመላልሷታል፣ ይጠብቋታል፤ አብረዋት የተቀመጡበትን ቦታ ግን አላገኘሁም። ከታመመች ወዲህ ምንም ሥራ ሳይዙ፣ መድኃኒት ሳያቀርቡ፣ ትራስ ሳያስተካክሉ አጠገቧ የተቀመጡት መቼ ነው? በቀን አምስት ደቂቃ ይስጧት። እጇን ይያዙ፤ የእጇን ሙቀት ያስተውሉ፤ ብታወራ ይስሙ፤ ዝም ብትል ዝም ይበሉ። የቡና ሽታ የማይከብዳት ቀን ከሆነ አማትዎ ቡና ያፍሉና አብራችሁ ቁጭ በሉ። ኬሞ የሚወስዱ ሰዎች ሽታ ሊያስጠላቸው ስለሚችል አስቀድመው ይጠይቋት። ከባል ወደ አስታማሚነት የተሻገሩበት ቀን እንዳለ ሁሉ፣ በየቀኑ ለአምስት ደቂቃ ወደ ባልነት ቢመለሱ ለሁለታችሁም ዕረፍት ነው።

ስለ አማትዎ ተቃውሞ፣ ጥርጣሬያቸውን አልንቅም። ልምምዱ ከቡድሂስት መነኮሳት ትውፊት የተቀዳ መሆኑ እውነት ነው፤ በሆስፒታል የሚሰጠው ግን አምልኮ የለበትም፤ ስም አይጠራበትም፤ ስግደት የለውም። እጅን እየታጠቡ ውኃውን ማስተዋል ከሃይማኖትዎ ጋር የሚጣላ አይመስለኝም። ልብዎ ካልረጋ ግን የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ፤ ወይም መቁጠሪያዎን ይዘው "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ"ን ሳይቸኩሉ፣ እያንዳንዱን ቃል እየሰሙ ይበሉ። የለመዱትን ጸሎት በጥሞና መጸለይ በቂ ነው። ጠበሉን በተመለከተ ደግሞ ኬሞው እንዳይቋረጥ እንጂ ጸሎቱን የሚከለክል ሐኪም የለም። የደም ሕዋሷ ዝቅ በሚልባቸው ቀናት ስለ መጠጣቱም ሆነ ስለ መጠመቁ ግን ሐኪሟን አስቀድመው ያማክሩ።

ሆኖም እውነቱን ልንገርዎ፤ አንድ ሰው የሦስት ሰው ሥራ እየሠራ እንዲረጋጋ መምከር ተገቢ አይደለም። ጥሞና ለእርስዎ ትልቁ ጥቅሙ ከመውደቅዎ በፊት መድከምዎን ቀድመው እንዲያውቁት ማድረጉ ነው። ያንን ሌሊት ከመድረስዎ በፊት ሰውነትዎ ብዙ ጊዜ ነግሮዎት ይሆናል። ምን ይሰማዎት ነበር? ትከሻዎ ይታሰር ነበር? ተማሪዎች ላይ ያለ ነገር ይቆጡ ነበር? ምልክቱን ካወቁት፣ ምልክቱ ሲመጣ የሚደረገው ነገር ሰው መጥራት ነው።

የሒሳብ ሰው ስለሆኑ ይህ አይከብድዎትም። የሳምንቱን ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት በወረቀት ላይ ያስምሩና እያንዳንዱን ሥራ በየቦታው ይጻፉት፤ ከጎኑ የሚሠራውን ሰው ስም። አሁን የእርስዎ ስም ብቻ ይሞላዋል። ከዚያ "በርታ" ብለው የሄዱትን ጠያቂዎች ስም ይጻፉ። አብዛኞቹ በእውነት መርዳት ይፈልጋሉ፤ ምን እንደሚያደርጉ ግን አያውቁም፤ ስለዚህ ብርቱካን ይዘው መጥተው "አይዞህ" ይላሉ። ለሚቀጥለው ጠያቂ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብቻ አይበሉ። "ኬሞ ከወሰደች በኋላ ባሉት ሁለት ሌሊቶች አንዱን አድረሽ ብታግዥን፣ እኔ ተኝቼ ባድር" ይበሉ። ለሌላው "ረቡዕ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ብታመጣልን" ይበሉ። በዕድራችሁ ውስጥ ያሉ ጎረቤቶች ለቅሶ ሲሆን ሳይጠሩ ይመጣሉ፤ በሕመም ጊዜ ግን ጠርቷቸው ለሚያውቅ ሰው ነው የሚደርሱት። ርእሰ መምህርዎንም ያነጋግሩ፤ ኬሞ በምትወስድበት ሳምንት የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ሌላ መምህር ቢይዝልዎ ለእነሱ ትንሽ፣ ለእርስዎ ብዙ ነው።

አማትዎ አቅማቸው ቢደክምም እናት ናቸው። ሥራ የሌለው ሐዘን ያስለቅሳል። የምትወስዳቸውን ክኒኖች ሰዓት የመጠበቅ፣ ትንሹን ልጅ ተረት እየነገሩ የማስተኛት ኃላፊነት ቢሰጧቸው እንባቸው የሚቀንስ ይመስለኛል። ልጆቹን በተመለከተ በደብዳቤዎ ምን እንደሚያውቁ አልጻፉም። የ12 ዓመት ልጅ የእናቷን ፀጉር ሲረግፍ እያየች ምንም አልገባትም ብዬ አላምንም። በዕድሜያቸው ልክ ይንገሯቸው፤ እናታችሁ ታማለች፣ መድኃኒቱ ኃይለኛ ስለሆነ ያደክማታል፣ ሕመሙ አይተላለፍም፣ እናንተ ያመጣችሁት አይደለም። የመጨረሻውን ትንሹ ልጅዎ በተለይ መስማት አለበት፤ በእሱ ዕድሜ ያሉ ልጆች በልባቸው ራሳቸውን ይወቅሳሉ።

ከቤት ውጭም የሚታገዙበት ቦታ አለ። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ሕፃን ልጃቸውን በካንሰር ያጡ ወላጆች የመሠረቱት ነው፤ የቤተሰብን ጭንቀት ያውቁታል፤ ሄደው ስለሚሰጡት ድጋፍ ይጠይቁ። ሆስፒስ ኢትዮጵያ ደግሞ በአዲስ አበባ የማስታገሻ ሕክምና የሚሰጥ፣ ሕሙማንን ቤታቸው ድረስ ሄዶ የሚጎበኝ ድርጅት ነው። የማስታገሻ ሕክምና ስል አይደንግጡ፤ ሊሞት ለተቃረበ ሰው ብቻ የሚሰጥ አይደለም፤ ሕመምንና ማስመለስን ለማስታገስ፣ ቤተሰብንም ለማገዝ ከዋናው ሕክምና ጎን ለጎን ይሰጣል።

እርስዎንም ልጠይቅዎ፤ ዕድሉን አግኝተው ሲተኙ እንኳ እንቅልፍ አይወስድዎትም? ምግብ ጠልተዋል? ደስ ይልዎት የነበረ ነገር ሁሉ ትርጉም አጥቷል? ይህ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ ድካም ብቻ ላይሆን ይችላልና ሐኪም ይዩ። ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ አንድም ቀን አይቆዩ፤ ለሚያምኑት ሰው ይንገሩና አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳለው ቅርብ ሆስፒታል ይሂዱ። ወንድ መሆን ከዚህ አያግድም።

አሁን ያቆየሁት ጥያቄ፤ ልንገራት ወይ ብለዋል። ከመመለሴ በፊት ለማን ብለው ሊነግሯት እንደፈለጉ ያስቡ። ጥፋቱን ከትከሻዎ አውርደው እሷ ላይ ለማሳረፍ ከሆነ፣ በዚህ ሳምንት ያንን የመሸከም አቅም የላትም፤ እርስዎን ለማጽናናት ትደክማለች። እሷ ሸክም ሆንኩበት ብላ እየተጨነቀች ሊሆንም ይችላል፤ ዓይንዎን ሲያሸሹባት ደግሞ ይህንኑ የሚያረጋግጥ ይመስላታል። ዝምታዎ እሷን እየጠበቃት አይደለም። ስለዚህ የሚነግሯት ነገር ከኑዛዜ ይልቅ ያሉበት ሁኔታ ይሁን። አራተኛው ኬሞ ከመድረሱ በፊት፣ ትንሽ በምትበረታበት ቀን፣ ልጆቹ በሌሉበት፣ አጠገቧ ይቀመጡና እንዲህ ሊሏት ይችላሉ፦ "ሌሊት በጣም እየደከመኝ ነው። አንቺ አልሰለቸሽኝም፤ ሰውነቴ ነው እምቢ ያለኝ። ስትጠሪኝ የሚነሳ ሌላ ሰው እንዲኖርሽ እፈልጋለሁ፤ እህትሽን ብንጠራት ምን ትያለሽ?" ቃላቱን በራስዎ አነጋገር ይቀይሯቸው። እሷ ማንን በሌሊት አጠገቧ ማየት እንደምትፈልግ፣ ማንን እንደምታፍር ይጠይቋት፤ የታመመችው እሷ ናትና ምርጫው የእሷም ነው።

ምናልባት "ያን ሌሊት ሰምተኸኝ ነበር?" ብላ ብትጠይቅዎት አይዋሹ። "አዎን፣ ሰምቼሽ ነበር፤ መነሳት አቃተኝ፤ አዝናለሁ" ይበሏት፤ ከዚያ በላይ ማብራሪያ አይጨምሩ፤ የምትለውን ይስሙ። ልታለቅስ ትችላለች፤ ልትቆጣ ትችላለች፤ አውቄ ነበር ልትልም ትችላለች። ስታበቃ ያን የሳምንቱን ወረቀት አምጥተው ከኬሞው በኋላ ያሉትን ሌሊቶች አብራችሁ ሙሉ፤ ከስሞቹ መካከል ከአንድ ሌሊት በላይ የእርስዎ ስም እንዳይኖር።